ከዝክሩ በፊት ደመወዙ

ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ክርስትና የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው ሁለት ነገር ደጋግሞ ያገኛል። አንዱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቁት ዐፄ ዮሐንስ ናቸው፤ ሌላው በዚያው በረሃ ጫካ ውስጥ ያለው የማኅበረ ሥላሴ አንድነት ገዳም ነው። አንዱ የሰማዕትነት፣ ሌላው የምናኔ ምሳሌ ሆኖ ይቀርባል። ሁለቱም የሚገባቸውን ክብር አግኝተዋል፤ የመጀመሪያውስ ሳይበዛለት አልቀረም። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በንጉሡ ትእዛዝ የወሎ ሙስሊም ላይ የደረሰውን የግዳጅ ጥምቀት ከመተማው ሞት ጋር በአንድ ገጽ የሚያነሣ ጸሐፊ እምብዛም አይገኝም። በንጉሡና በመናኙ መካከል ያለው ሰው፣ የገንዳ ውኃው ነጋዴ፣ የገለጉው ገበሬ፣ የመተማ ዮሐንሱ ባለ ሆቴል፣ ክርስትናው በአንዲት ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፦ ሕዝቡ ሃይማኖተኛና እንግዳ ተቀባይ ነው። ይህች ዐረፍተ ነገር ምስጋና ትምሰል እንጂ ሰውየውን ትበድለዋለች። ቀላሉን በጎነት አወድሳ ከባዱን ትተወዋለች፤ በእውነት የሚደነቅበትንም ሳታይ ታልፋለች።

የሚደነቅበትን ላስቀድም። ቆላው የሰፋሪ አገር ነው። ጉሙዙ ቀዳሚው ነው፤ አማራው፣ ቅማንቱና አገው በየዘመኑ ወርደውበታል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ደግሞ መሬቱ የተራቆተበት የደጋ ገበሬ ቤተሰቡን ይዞ መተማና ቋራ ገብቷል። በሰፈራ መንደር የአያት መቃብር የለም። ጎረቤት የጎረቤቱን ዘር ቆጥሮ አያውቅም፤ ቢጣላ የሚያስታርቀው የጋራ ዘመድ፣ ቢያበድር ዋስ የሚሆንለት የጋራ ሰው የለውም። እንዲህ ያለው ቦታ ክርስቲያናዊ ምግባር ከልማድ ተነጥቆ ራሱን ችሎ መቆም መቻሉ የሚፈተንበት ነው። ሰፋሪው ከደጋ ይዞት ከወረደው ዕቃ ሁሉ ለዚህ ፈተና የበጀው ጽዋ ማኅበሩ ይመስለኛል። የተማረው ሰው ግን ማኅበርን ሥራ አስፈቺ፣ እህል አባካኝ፣ የጠላ ሰበብ አድርጎ ማየት የቆየ ልማዱ ነው፤ የልማት ሪፖርቶችም ይህንኑ በጨዋ ቋንቋ ይደግሙታል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ማኅበርተኞች በአንድ ጻድቅ ወይም መልአክ ስም ይሰበሰባሉ፤ በየወሩ በዚያ ቀን ተረኛው ዳቦ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ይባርካል። ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ ማን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ይጠይቃል። የታመመ ካለ ጠያቂ ይመደባል፤ የተጣላ ካለ ከጽዋው በፊት ይታረቃል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለዕርቁ ነው። በወንጌሉ ትምህርት መባውን ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ካስታወሰ መባውን ትቶ መጀመሪያ እንዲታረቅ ታዟል። ይህ ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ኅሊና ብቻ ቢተው ውጤቱ ይታወቃል፦ ሰው ቂሙን ይዞ ‹ልቤ ሲበርድ› እያለ ዓመት ይከርማል። ማኅበሩ ግን ይቅርታን ቀን ቆርጦለታል። ልብ በረደም አልበረደ የማኅበሩ ቀን፣ 12 ወይም 21፣ ይመጣል፤ የተቀየመው ሰው ቢቀር ‹ለምን ቀረ› ይባላል፣ ሽማግሌ ይላክበታል፣ ቢመጣ ደግሞ ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስም። በዚህ ሥርዓት ይቅርታ የስሜት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመገኘትና ያለመገኘት ጉዳይ ይሆናል። ዘመናዊ ሥነ ምግባር ይህን ‹ከልብ ያልሆነ› ብሎ ሊንቀው ይችላል። እኔ ግን ከልብ ያልሆነውን ዕርቅ በየወሩ የሚደጋግም መንደር፣ ከልብ የሆነውን ዕርቅ በየዐሥር ዓመቱ ከሚጠብቅ ከተማ ይሻላል ባይ ነኝ። ተራውም የራሱ ጥበብ አለው። ምጽዋት ሲሰጥ ሰጪው ከላይ፣ ተቀባዩ ከታች ነው። በማኅበር ግን የዛሬው ጋባዥ የሚቀጥለው ወር ተጋባዥ ስለሆነ ማንም በማንም ላይ አይኮራም፤ ድሃውም ዳቦው ቢያንስ ከተራው አይወጣም።

ይህ ጥበብ ግን ከአንድ አጥር አያልፍም። አጥሩ የሚታየው ሰሊጥ ሲደርስ ነው። ከሐምሌ አረም ጀምሮ እስከ ጥቅምት አጨዳ ድረስ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ ወደ ሁመራና መተማ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ሳሉግ የሚባለው ቆላ የቀረውም፣ በየወቅቱ የሚመላለሰውም፣ ባብዛኛው የተጠመቀ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ወጣት ነው። በአንድ ወረዳ ሦስትና አራት ወር ይቀመጣል፤ ማኅበር ግን አይገባም፣ ምክንያቱም ተራ የሚያወጣበት ቤት የለውም። እንግዳ ተቀባይነቱም አያገኘውም። ‹የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ› ብሎ ደጅ የቆመ መንገደኛ ያድራል፤ ተቀጥሮ የመጣ ሰው ግን እንግዳ አይባልም፣ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ከእርሱ ጋር ያለው ግንኙነት በሙሉ ወደ አንድ ነገር ይጠባል፤ ያም የደመወዝ ሒሳብ ነው።

ሰሊጥ ለጌታው ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው። ቅጠሉ ሲረግፍና የታችኛው ፍሬ ቢጫ መሆን ሲጀምር መታጨድ አለበት፤ ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይፈሳል። የታጨደው ታስሮ በሂላ፣ ማለትም በቁም ክምር፣ ይቆማል፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ሥነ ምግባሩን የሚወስነው ይህ የሰብሉ ጠባይ ነው። በአጨዳው ሳምንት ባለ እርሻው ለሠራተኛው ደግ ነው፦ ምግቡ ይሻሻላል፣ ቃሉ ይለሰልሳል፣ ዋጋው ከፍ ይላል። ይህን ደግነት በጎ ምግባር ብሎ መቁጠር የዋህነት ነው፤ ሰሊጡ ስለሚፈስ ነውና። ሂላው ከቆመ በኋላ ግን የመደራደር አቅሙ በአንድ ሌሊት ይገለበጣል። ሠራተኛው ቤቱ ሩቅ ነው፣ ስንቁ አልቋል፣ በእያንዳንዱ የክርክር ቀን የሚበላው ከኪሱ ነው። ‹ሰሊጡ ሲሸጥ እንተሳሰባለን›፣ ‹ይህ ሂላ ቀጥኗል›፣ ‹ከካቦህ ጋር ተነጋገር› የሚሉት ቃላት የሚሰሙት በዚህ ሰዓት ነው፤ ካቦ የሠራተኞቹ አለቃ ነው። የአንድ ባለ እርሻ ክርስትና መመዘን ካለበት በአጨዳው ሳምንት ሳይሆን ከአጨዳው ማግስት ይመዘን።

የቤተ ክርስቲያን የቀን አቆጣጠር ነገሩን ይበልጥ ያጋልጠዋል። አጨዳው ከጽጌ ጾም ጋር ይገጥማል፤ የሰሊጡ ብር እጅ የሚገባው ደግሞ ኅዳር ሚካኤልና ኅዳር ጽዮን ሲደርሱ ነው። ድንኳኑ የሚተከለው፣ ለሚካኤል ሰንጋው የሚወድቀው፣ ለደብሩ ቆርቆሮና ምንጣፍ የሚሳለው ያን ጊዜ ነው። አጫጁ ሒሳቡን ሳይጨርስ የሄደ ከሆነ፣ በዚያ ድግስ ላይ የተበላው የራሱ ሳይሆን የሌላ ሰው ላብ ነው። ይህን ማለት አዲስ ትምህርት ማምጣት አይደለም። ኦሪት የምንደኛው ዋጋ እስከ ነገ እንዳያድር ታዛለች፤ የያዕቆብ መልእክት የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይናገራል፤ ‹አጫጆች› ሲል ደግሞ የቆላውን ሰው በስሙ የጠራው ያህል ነው። በእኛ ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ ከሁሉም ይበረታል፦ ከድሃ ንብረት መሥዋዕት ማቅረብን ልጅን በአባቱ ፊት ከማረድ ጋር ያስተካክለዋል፣ የሠራተኛን ዋጋ የሚነሣውንም ከደም አፍሳሽ ይቆጥረዋል። ዲድስቅልያም ጳጳሱ ከግፈኞች መባ እንዳይቀበል ያስጠነቅቃል። መጻሕፍቱ ይህን ያህል ሲናገሩ፣ በዐውደ ምሕረት የሚሰማው ወቀሳ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በዓል ሽሮ በሚያጭደው ላይ ነው። በዓሉን ያሻረው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰባኪ ጥቂት ነው።

ተቃውሞዎቹ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ሠራተኛውም ቃሉን ያጥፋል የሚል ነው፤ ቅድሚያ ብር ተቀብሎ በሌሊት ወደ ሌላ እርሻ የሚሻገር አለ። እውነት ነው። ነገር ግን የሁለቱ በደል አንድ ክብደት የለውም። ሠራተኛው ሲያጠፋ ባለ እርሻው ከምርቱ ጥቂት ያጣል፤ ባለ እርሻው ሲያጠፋ ሠራተኛው የዓመት ድካሙን አጥቶ ባዶ እጁን ደጋ ይወጣል። ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፦ መንገድ በተዘጋበት፣ ሰው እየታገተ ማስለቀቂያ በሚጠየቅበት፣ የሰሊጥ ዋጋ በአንድ ሳምንት በሚዋዥቅበት አገር ባለ እርሻው ራሱ ተበዳይ ነው ይባላል። ይህንንም መካድ አይቻልም፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ቆላውንም አላለፈውም። ነገር ግን የኪሳራው ድርሻ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ጥያቄ አሁንም የምግባር ጥያቄ ነው፤ ኪሳራ ሁልጊዜ ከደመወዝ ጀምሮ የሚቀነስ ከሆነ ዕጣ አልተጣለም፣ ደካማው ተመርጧል ማለት ነው። ሦስተኛውና ረቂቁ፣ ክርስቲያናዊ በጎነት ከሕግ በላይ ነው፣ ዕዳ መክፈልማ አሕዛብም ያደርገዋል የሚለው ነው። ይህ ክርክር ያማረ ነው፤ የሚያመቸው ግን ለባለ ዕዳ ነው። ከሕግ በላይ ያለው በጎነት ሕጉን ካሟላ በኋላ ይጀምራል። ያልከፈለ ሰው ‹በላይ› የሚለው ነገር የለውም።

አገሩን በዚህ ብቻ መዝኖ መተው ግን ግፍ ይሆንብኛል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ከገላባት ድንበሩን ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ የገባውን ሕዝብ ውኃና ጥላ ሰጥተው ከተቀበሉት አንዱ የከተማው ነዋሪ ነበር፤ ከተሻጋሪው መካከል ደግሞ ብዙ ሙስሊም ነበረበት። በኋላ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ስደተኞች በታጣቂዎች ሲዘረፉና ሲጠቁ፣ በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ መጠለያውን ጥለው መንገድ ዳር ሲያድሩ፣ ያ የመጀመሪያው ቀን ቸርነት ጠባቂ ሥርዓት ማጣቱ ታየ። ከዚህ ይልቅ ግን ልብ የሚነካው ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራው ነው። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ይኖራል፤ የሚነድፈው እርሻ ላይ ሜዳ የሚያድረውን ነው፤ ካልታከመ ይገድላል፤ የተለመደው መርፌ 17 ቀን ይፈጃል። በአገራችን ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ያለ አስታማሚ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። ሠራተኛው አስታማሚ የለውም። እናቱ ደምበጫ ወይም ላሊበላ ናት። እንግዲህ የአጠገቡ አልጋ አስታማሚ ለራሷ ሰው ካመጣችው ሽሮ ቀንሳ የማታውቀውን ልጅ ስታጎርስ፣ ልብሱን አጥባ ስታሰጣ፣ ማቴዎስ 25 ላይ ካሉት ስድስት ጥያቄዎች ቢያንስ አንዱ ያለ ድንኳንና ያለ ጭብጨባ ተመልሷል። ይህችን ሴት የሚያወድስ መጣጥፍ የለም፤ ከዝክሩ ሰንጋ ሁሉ ግን የእሷን ሽሮ አስበልጣለሁ።

ከሷ የሚፈለግ ሌላ ነገር የለም። ከባለ እርሻውና ከነፍስ አባቱ ግን አለ። ንስሐ የገባ ባለ እርሻ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ቀኖና ስግደት፣ ጾምና ምጽዋት ነው። የቀማውን መመለስ የንስሐ ክፍል መሆኑን ግን ዘኬዎስን የሚያነብ ካህን ሁሉ ያውቃል፤ እርሱ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ለተበደሉት እንጂ ለቤተ መቅደስ አልነበረም። እዚህ ላይ ቆላው ከደጋው የተለየ እክል አለበት። የደጋ ገበሬ የበደለው ጎረቤቱን ስለሆነ የት እንደሚያገኘው ያውቃል፣ ማኅበሩም ያገናኛቸዋል። የሰሊጡ ባለ እርሻ የበደለው ሰው ግን በጥቅምት መጨረሻ ከገንዳ ውኃ መኪና ተሳፍሮ ሄዷል፤ በካቦው ደብተር ላይ የሰፈረው የሂላ ቁጥር እንጂ የአባቱ ስም፣ ወረዳውና ቀበሌው አይደለም። ስለዚህ የነፍስ አባቱ ‹ለድሃ ስጥ› ብሎ ያሰናብተዋል፤ ገንዘቡም ተመልሶ ዝክር ይሆናል። ማኅበሩ በየወሩ የቀረውን ሰው በስሙ መጥራት የሚያውቅ ተቋም ነው። ሙሴውና ካህኑ አጨዳው ከመጀመሩ በፊት፣ በመስከረም፣ ማኅበርተኛ የሆነውን ባለ እርሻ ‹ደብተርህን አምጣ፣ የእነማን ስም ተጽፏል› ብለው ቢጠይቁት ከሥርዓታቸው አንድም ነገር አይጥሱም፤ ከጽዋው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ከጥንትም ይኸው ነበርና፣ ያልታረቅኸው ማን ነው የሚለው።