ዋስ የሌለው ውል፦ የምሥራቅ አፍሪቃ ማኅበረሰብ ስምምነት ሲመረመር

የኤኮኖሚ ኅብረት ውል የፈረሙ መንግሥታት ግዴታቸውን ለምን እንደማይፈጽሙ ሲጠየቅ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «መሪዎቹ በጎ ፈቃድ የላቸውም» የሚል ነው። ይህ አስተያየት ሐሰት ነው አንልም፤ ነገር ግን ምርመራውን ገና ከመጀመሪያው ያቆመዋል። በጎ ፈቃድ ከሰው ጋር ይመጣል፥ ከሰው ጋርም ይሄዳል፤ ውል የሚጻፈው ግን ፈቃድ በጠፋ ጊዜ እንዲያገለግል ነው። በአገራችን ልማድ ተዋዋዮች ዋስ የሚጠሩት ለዚሁ ቀን ነው። ስለዚህ የውሉን ቃል ራሱን መመርመር ይገባል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኬንያ፥ ኡጋንዳና ታንዛንያ በ1967 ካምፓላ ላይ የፈረሙት የመጀመሪያው ውል ጥቅምን በማካፈል ረገድ አስተዋይ ነበር። ፋብሪካው በኬንያ መብዛቱን በማየት የልማቱ ባንክ ከሚያበድረው ገንዘብ ከመቶ 38.75 ለኡጋንዳ፥ 38.75 ለታንዛንያ፥ 22.5 ለኬንያ እንዲሆን ወሰነ። የበላዩ ሥልጣን ግን በሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ጉባኤ እጅ ነበር። በ1971 ኢዲ አሚን ሥልጣን ሲይዝ ኔሬሬ ከእርሱ ጋር አልቀመጥም አሉ፤ ጉባኤውም ዳግመኛ አልተሰበሰበም። ማኅበረሰቡ በ1977 ፈረሰ።

በ1999 አሩሻ ላይ የተፈረመው ሁለተኛው ውል ከዚህ ትምህርት ወስዷል። ፍርድ ቤት አቋቁሟል፤ በአንቀጽ 30 መሠረት በአባል አገር የሚኖር ማንኛውም ሰው መንግሥትን መክሰስ ይችላል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ጉድለቱ የሚገኘው ከቅጣቱ ላይ ነው። በአንቀጽ 143 ግዴታውን ባልፈጸመ አባል ላይ የሚወስነው የመሪዎች ጉባኤ ሲሆን፥ ጉባኤውም የሚወስነው በሙሉ ስምምነት ነው። አባልን ለማገድ ወይም ለማስወጣት ሲሆን የተከሳሹ ድምፅ እንደማይቈጠር አንቀጽ 148 ይናገራል፤ ስለ አንቀጽ 143 ግን ይህን አይልም። እንግዲህ ውሉ ተከሳሹን ከዳኝነት ወንበር ያስነሣው በጭንቅ ለሚሠራበት ከባድ ቅጣት እንጂ በየዕለቱ ለሚደርሰው በደል አይደለም።

ፍርድ ቤቱስ? በ2006 መጨረሻ ኬንያ ለማኅበረሰቡ ምክር ቤት የመረጠቻቸው አባላት እንዳይገቡ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሪዎቹ ውሉን አሻሻሉ፤ ዳኞችን ለማገድና ለማንሣት አዲስ ምክንያት ጨመሩ፥ ሰዎች የሚከሱበትንም ጊዜ በሁለት ወር ወሰኑ። የይግባኝ ችሎት ማቋቋማቸው መልካም ነው፤ ሌላው ግን ዳኛን ማስፈራሪያ ይመስላል። ፍርድ ቤቱ በ2008 ማሻሻያው ያለ ሕዝብ ምክር መደረጉ ውሉን እንደሚጥስ ተናገረ፤ ሆኖም አልሻረውም።

ውጤቱም በጋቱና ታየ። ሩዋንዳና ኡጋንዳ በአንድ የጉምሩክ ኅብረትና በአንድ የጋራ ገበያ ውስጥ እያሉ ይህ የድንበር በር ከ2019 እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ ለንግድ ተዘግቶ ቆየ። በ2019 ሉዋንዳ ላይ ያስታረቀቻቸው የማኅበረሰቡ አባል ያልሆነችው አንጎላ ነበረች። የራስ ውል ባለበት ከውጭ ሽማግሌ መፈለግ የውሉን ድካም ይመሰክራል።

ቅጣቱ ቢጠነክር መንግሥታት አይፈርሙም የሚሉ አሉ። እኛ ግን አዲስ ቅጣት አንጠይቅም፤ የአንቀጽ 148 ደንብ ለአንቀጽ 143 እንዲደርስና የሁለት ወሩ ገደብ እንዲሰፋ ብቻ ነው። ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2019 ያጸደቀችው የአፍሪቃ አህጉር ነጻ የንግድ ቀጠና ውል በክርክር ሥርዓቱ ከሳሽ የሚያደርገው መንግሥትን ብቻ ነው። ዕቃው በድንበር ላይ የቀረበት ነጋዴ መንግሥቱ ዝም ቢል ለማን ይጮኻል? የሕግና የኤኮኖሚ ተማሪዎች ሊመረምሩት የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው።