መምረጥ መቅዳት ነው እንዴ?

እስቲ አንድ ሙከራ እንሥራ። ሊኑክስ ላይ ኤዲተር ክፈቱና አንድ ዓረፍተ ነገር በማውስ ሴሌክት አድርጉ። አሁን ሌላ ቦታ ያለ አሮጌ ዓረፍተ ነገር በዚህ መተካት ፈለጋችሁ እንበል። አሮጌውን ሴሌክት አድርጉና የማውሱን የመሃል ቁልፍ ተጫኑ። ምን መጣ? አዲሱ ሳይሆን ያው አሮጌው! «እጄ ነው የሳተው» ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ጥፋቱ የእጃችሁ ሳይሆን የዲዛይኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ የተጀመረው ኤክስ የተባለው የመስኮት ሥርዓት ለኮፒና ፔስት ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ክሊፕቦርድ ነው፤ ኮፒ ወይም ከት ብላችሁ ስታዙት ይለወጣል። ሌላው ፕራይመሪ ይባላል፤ እሱ ትእዛዝ አይጠብቅም። ጽሑፍ ሴሌክት ባደረጋችሁ ቁጥር የበፊቱ ቦታውን ይለቃል። የሚገርመው፣ ያኔ ጽሑፉ የትም አይገለበጥም። ኤዲተሩ «የተመረጠው እኔ ጋ ነው» ብሎ ያስታውቃል እንጂ። ፔስት ስታደርጉ ነው ተቀባዩ ፕሮግራም ጽሑፉን የሚጠይቀው።

ጥቅሙን አልክድም። ኪቦርድ ሳትነኩ ምረጡ፣ ጠቅ አድርጉ፣ አለቀ! የለመደው ሰው በቀላሉ አይተወውም።

ግን አስቡት፤ ሰው ጽሑፍ የሚመርጠው ለመቅዳት ብቻ ነው? ለማጥፋትም፣ ለማድመቅም ይመርጣል። ፊደል የሚቆጥር ልጅ በስንጥር እየጠቆመ እንደሚያነበው፣ በማውስ መስመሩን እያስከተለ የሚያነብም አለ። ኮምፒውተሩ የትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ ይገምታል። ሲሳሳት ደግሞ ዝም ብሎ ነው የሚሳሳተው። አሁን የመረጣችሁት የይለፍ ቃል ለጓደኛ በምትጽፉት መልእክት ውስጥ ዱብ ሊል ይችላል። ተርሚናል ላይማ ይብሳል፦ ከጽሑፉ ጋር የመስመር ማብቂያው አብሮ ከመጣ፣ ሳታነቡት ትእዛዙ ሊፈጸም ይችላል።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም። በ1970ዎቹ ዜሮክስ ፓርክ ውስጥ ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት የሠሩት ጂፕሲ የተባለ ኤዲተር ሁለቱን ለይቷቸው ነበር፦ መጀመሪያ ምረጥ፣ ከዚያ እዘዝ። ኢማክስ ግን ለረጅም ጊዜ በማውስ የተጎተተበትን ጽሑፍ ሳይታዘዝ ይቀዳ ነበር። በ2012 የወጣው 24ኛው ዕትም ይህን ልማድ አስቀረው፤ የፈለገ ግን ራሱ መልሶ ሊያበራው ይችላል። ትክክለኛ እርምጃ ነው እላለሁ። ለኢማክስ ሌላም ምስጋና ይገባዋል፦ የተቀዳውን ሁሉ በተራ ስለሚይዝ፣ በስህተት የተሸፈነውን ወደ ኋላ ሄዶ ማምጣት ይቻላል።

እንግዲህ አንድን ኤዲተር ስትመዝኑ ሁለት ነገር ጠይቁት። መጠቆምን ከመውሰድ ይለያል? ስሳሳትስ መመለሻ አለው? እስከዚያው የማይጠፋባችሁን ነገር በኮንትሮል ሲ ክሊፕቦርድ ላይ አኑሩት። ቪም የምትጠቀሙ ከሆነም አትርሱ፦ የኮከቡ ሬጅስተር ፕራይመሪ ነው፣ የመደመር ምልክቱ ክሊፕቦርድ። ጥሩ መሣሪያ ያዘዛችሁትን ይሠራል፤ ያላዘዛችሁትን ደግሞ ይተዋል።