ሂሱ የተጻፈው ለማን ነው?

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ የፊልም ስክሪፕቷን የመጀመሪያ 12 ገጾች ጀማሪ ጸሐፊዎች የምንሰባሰብበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈች። ከፋይሉ ሥር የጻፈችው አጭር ነበር፦ «አስተያየታችሁን እፈልጋለሁ። ፕሮዲዩሰር የሚያውቅ ካለ ደግሞ ቢያሳይልኝ ደስ ይለኛል።»

ታሪኩ ከቤሩት ስለተመለሰች ሴት ነው። ለዓመታት የላከችው ገንዘብ በወንድሟ እጅ ቤት ሆኗል፤ እሷ ግን በዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ ነች። ስክሪፕቱ የሚጀምረው ቡና ሲቆላ ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ስለ ጤና ይጠየቃል፣ ስለ ዝናብ ይወራል፣ ፈንዲሻ ይዞራል። እስከ ገጽ 9 ድረስ ስለ ገንዘብ ትንፍሽ የሚል ሰው የለም።

እኔ በዚያ ግሩፕ «ኃይለኛ ተቺ» የሚል ስም ነበረኝ። ስክሪፕቱን አነበብኩት፤ ታክሲ ውስጥ ቆሜ በስልክ ማየት ማንበብ ከተባለ ማለቴ ነው። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዘጠኝ ገጽ ሙሉ ቡና ተፈላ። ስኒው ታጥቦ ሳያልቅ ተመልካቹ ቤቱ ይገባል።» የሳቅ ምልክት ዘነበልኝ። አንዱ ስክሪንሾት አንስቶ ሌላ ግሩፕ ላይ ወሰደው። በማግስቱ ፋይሉ የለም፤ ልጅቷም ከግሩፑ ወጥታለች።

ከዚያ ክርክር ተነሳ። ሦስት ወገን ሆንን። አንደኛው ወገን «ድሮም መለጠፍ አልነበረባትም፣ ይሰረቃል» አለ። ሁለተኛው «ዘመድ የሌለው ሰው ካልለጠፈ ማን ያየዋል?» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ትችት የማይችል አይጻፍ» አለ። እኔ የነበርኩት ሦስተኛው ውስጥ ነው። ዛሬ ሳስበው ሦስታችንም አንድ ጥያቄ ዘለናል።

ከስርቆቱ ልጀምር፤ ሁሉም ቀድሞ የሚፈራው እሱን ስለሆነ። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለሐሳብ ጥበቃ አይሰጥም። ጥበቃ የሚሰጠው ሐሳቡ ለተገለጸበት መልክ ነው። ጥበቃ ለማግኘትም ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ሥራው ወጥ ከሆነና ተጽፎ ከተቀመጠ ይበቃል። ምዝገባ የሚጠቅመው ነገ ክርክር ቢነሳ ለማስረጃ ነው። ስለዚህ «ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት» የሚለው ሐሳብ የማንም አይደለም፤ አሥር ሰው አሥር ፊልም ሊሠራበት ይችላል። ያ የዘጠኝ ገጽ ቡና ግን የእሷ ነው። ፍርድ ቤት መመላለስ ጊዜና ገንዘብ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ፍርሃቱን አልንቀውም። ግን እውነቱን እንነጋገር፦ ልጅቷን ከጽሑፏ ያራቃት ሌባ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛው ወገን የተሻለ ክርክር አለው። ይሄ ጥያቄ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አልተጀመረም፤ ሆሊውድ ከሃያ ዓመት በላይ ሲነታረክበት ኖሯል (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2005 ፍራንክሊን ሌናርድ የሚባል ወጣት የፊልም ኩባንያ ሠራተኛ ለሥራ ባልደረቦቹ ኢሜል ላከና ገና ፊልም ካልሆኑት ስክሪፕቶች በጣም የወደዱትን እንዲነግሩት ጠየቃቸው። መልሱን ሰብስቦ «ብላክ ሊስት» አለው። በዚያ የመጀመሪያ ዝርዝር ላይ የዳያብሎ ኮዲ «ጁኖ» ነበረች፤ በኋላ ተሠርታ ኮዲን የኦስካር የስክሪፕት ሽልማት አሸለመቻት። ልብ በሉ፣ ዝርዝሩ የወደዱትን ብቻ ነው የጠየቀው። ያልወደዱትን ተሰብስበው እንዲስቁበት አላወጣውም።

በ2012 ብላክ ሊስት በሩን ለማንኛውም ጸሐፊ ከፈተ፤ በክፍያ። ሲጀመር ስክሪፕት ለማስቀመጥ በወር 25 ዶላር፣ አንድ ገምጋሚ አንብቦ ነጥብ እንዲሰጥ 50 ዶላር ነበር። እዚህ ላይ የሚነሳው ቅሬታ የታወቀ ነው፦ ከተስፈኛ ኪስ ገንዘብ መሰብሰብ ልክ ነው ወይ? እኔ ክፍያው አያስከፋኝም፤ አንባቢም ጊዜውን ነው የሸጠው። የማደንቀው ግን አንድ ሌላ ነገር ነው፦ ግምገማው መጀመሪያ የሚደርሰው ጸሐፊው ጋ ነው። ለሌላ ሰው ይታይ አይታይ የሚወስነውም ራሱ ጸሐፊው ነው።

አሁን «ስክሪፕትሻዶ»ን አስቡ። በ2009 አካባቢ ካርሰን ሪቭስ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ገና ያልተሠሩ የባለሙያ ስክሪፕቶችን በይፋ መገምገም ጀመረ። ለጀማሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ ሌላ የት ታገኘዋለህ? ጸሐፊዎቹን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። የ«ቢግ ፊሽ» ስክሪፕት ጸሐፊ ጆን ኦገስት በግልጽ ከተቃወሙት አንዱ ነበር። ከተቃውሞው ሁሉ ጠንካራ የሚመስለኝ ይሄኛው ነው፦ ረቂቅ ላይ የተጻፈ ሂስ እንደ ፍርድ ይቆጠራል፤ ጸሐፊው ረቂቁን አሥር ጊዜ ቢያሻሽለውም ሰው የሚያስታውሰው ያንን ሂስ ነው።

እዚያው ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር ነበር፤ ጀማሪዎች በፈቃዳቸው ስክሪፕታቸውን የሚልኩበት ቀን። በ2012 ታይለር ማርሴካ የሚባል የማይታወቅ ጸሐፊ «ዘ ዲሳይፕል ፕሮግራም» የተባለ ስክሪፕቱ እዚያ ተወድሶለት ኤጀንት አገኘ፤ ስክሪፕቱንም ስቱዲዮ ገዛው። ስለዚህ «መታየት ጥቅም የለውም» ብሎ የሚዋሽ ሰው አልሆንም። አባቱ ፕሮዲዩሰር ላልሆነ፣ ካዛንቺስ ወይም ቦሌ ሻይ የሚጋብዘው ዳይሬክተር ለሌለው ልጅ፣ ኢንተርኔት ብቸኛው በር ሊሆን ይችላል። «ዝም ብለህ ጽፈህ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጥ» የሚለውን ምክር ብዙ ጊዜ የምንሰማው በሩን ካለፉ ሰዎች ነው።

ነገር ግን በሩ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። አማዞን ስቱዲዮስ በ2010 ማንም ስክሪፕት ይላክ ብሎ ሲከፍት ብዙ ሰው ጮቤ ረገጠ። ውሉን ያነበቡት ግን ደነገጡ፦ ኩባንያው ስክሪፕቱን ለ18 ወር ያለ ክፍያ ይይዘዋል፤ ሌላ ተሳታፊም ገብቶ እንደገና ሊጽፈው ይችላል። ከተቃውሞ በኋላ በ2012 ደንቡ ተቀየረ፤ በ2018 ለሁሉም ክፍት የነበረው መቀበያ ተዘጋ። «ዕይታ እንሰጥሃለን» የሚል ሰው ሲመጣ በምትኩ ምን እንደሚወስድ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሦስተኛው ወገን፣ ማለትም የኔው፣ «ትችት የማይችል አይጻፍ» ይላል። ሲሰሙት ጀግንነት ይመስላል። ግን ክዌንቲን ታራንቲኖን ውሰዱት። ሁለት ኦስካር አለው፤ ትችት አይችልም የሚለው ሰው የለም። በጥር 2014 «ዘ ሄትፉል ኤይት» የተሰኘው ረቂቁ ለጥቂት ሰዎች ብቻ ከሰጠው በኋላ አፈትልኮ ሲወጣ ፊልሙን አልሠራውም ብሎ ተወው። ወደ ረቂቁ የሚመራ ሊንክ ያወጣውን ጎከርንም ከሰሰ። ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ስክሪፕት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተዋንያን ሰብስቦ በሕዝብ ፊት አስነበበው። ክሱም ብዙ ሳይቆይ ተነሳ፤ ፊልሙ በ2015 ወጣ። አንድ ጽሑፍ በጥር አስቆጣው፣ በሚያዝያ ራሱ አደባባይ አወጣው። የተለወጠው ነገር መራጩ ነው። በጥር ሌላ ሰው መረጠለት፤ በሚያዝያ እሱ መረጠ።

«ልጅቷ እኮ ራሷ ነች የለጠፈችው» ትሉኛላችሁ። እኔም ያኔ ያልኩት ይህንኑ ነው። አዎ፣ ፈቅዳለች። ግን የፈቀደችው ምንድን ነው? አስተያየት። አስተያየት የሚሰጠው ለሰው ነው። እኔ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እሷ የለችም። «ገጽ 9 ላይ ያለውን ወደ ገጽ 5 ብታመጪው» አላልኩም። «ለምን አዘገየሽው?» ብዬ አልጠየቅኩም። የጻፍኩት ለሚስቁት ነው። ጽሑፏ መሣሪያዬ ነበር።

ይሄ ከፊልም ሂስ ይለያል። ሲኒማ የገባ ፊልም ላይ ሂስ ስጽፍ የምጽፈው ለተመልካች ነው፤ ብሩን ከፍሎ ይግባ አይግባ ለሚለው ሰው። ፊልሙ አልቋል፣ ቲኬት ተሽጦበታል፣ ባለቤቱም ፍርዱን ሊሰማ ወጥቷል። ስክሪፕት ግን ተመልካች የለውም። ገና ይሠራል። እዚያ ላይ ለተመልካች እንደሚጽፍ ሰው መጻፍ ቦታ መሳት ነው።

እሷም ብትሆን ሁለት ነገር ባንድ ትንፋሽ ነበር የጠየቀችው፦ ምክርም ፕሮዲዩሰርም። እነዚህ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ምክር ስትጠይቅ ቁስልህን ታሳያለህ፤ ገበያ ስትወጣ ግን ዕቃህን አሳምረህ ነው። ገዢ ባለበት ምክር ከጠየቅክ እያንዳንዱ «እዚህ ጋ ይቀረዋል» ዋጋህን እየቆረጠ ይሄዳል። ይህን በነገርኳት የምለው አሁን ነው፤ ያኔ ከኮሜንቴ ይልቅ ይሄ አንድ መስመር ይጠቅማት ነበር።

በአገራችን ረቂቅን በሰው ፊት መተቸት አዲስ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ ነገራ አለ፤ የቆጠረውን መምህሩ ፊት ያቀርባል። መምህሩ ያርሙታል፣ ቤት ካልመታ ይመልሱታል። ጓደኞቹም ይሰማሉ። ስለዚህ ችግሩ ሰው መስማቱ አይደለም። እዚያ የሚሰማው ሁሉ ተራው ሲደርስ የራሱን ይዞ ይቀርባል። ዛሬ የሳቀ ነገ ይሳቅበታል፤ ስለዚህ ለሳቁ ልክ አለው። ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ይቀልድብናል፦ ቅኔ መፍጠርን «ቅኔ መዝረፍ» እንላለን። እዚያ ቤት ዘራፊ ማለት ፈጣሪ ነው። እኛ ግሩፕ ውስጥ የዘረፍነው ግን ሌላ ነገር ነው።

በ2002 ኬቪን ስፔሲ ካቋቋሙት አንዱ የሆነበት «ትሪገር ስትሪት» ይሄን በደንብ አስገብቶት ነበር፦ ሥራህ እንዲገመገም የሌላውን ትገመግማለህ። ወንፈል በሉት። ዛሬ ያንተን እርሻ፣ ነገ የእኔን። እኔስ? በዚያ ግሩፕ ውስጥ በቆየሁባቸው ሦስት ዓመታት የራሴን ስክሪፕት አንድ ገጽ እንኳ ለጥፌ አላውቅም። «ትችት የማይችል አይጻፍ» እያልኩ ትችት የማይደርስበት ቦታ ተቀምጬ ነበር።

ባለፈው ክረምት ስልኬን ሳጸዳ ያ ፋይል ወጣ። ተቀምጬ አነበብኩት። ዘጠኙ ገጽ በሦስት ተከፍሏል። በአቦል ሁሉም ይስቃል። በቶና ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ይሄዳሉ። በረካ ላይ ወንድምና እህት ብቻ ይቀራሉ፤ እሷም ስኒውን እያስቀመጠች «የኔ ክፍል የትኛው ነው?» ትለዋለች። ስለ ገንዘብ የተነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ገንዘብ የሚል ቃል ግን የለበትም። እኔ «እስከ ገጽ 10 ግጭቱ መጀመር አለበት» የሚለውን ከፈረንጅ መጽሐፍ ተምሬ፣ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ብዬ ደቂቃ ስቆጥር ነበር። ግጭቱ ከመጀመሪያው ስኒ ጀምሮ እዚያው ነበር። በኛ ቤት የብር ነገር በአቦል አይነሳም። ይሄን እኔም አውቃለሁ፤ እናቴ ቤት ሁልጊዜ የማየው ነው። ለሳቅ ስለቸኮልኩ አላየሁትም።

እንከን የለውም አልልም። ቶና ላይ ያሉት ሁለት ገጾች ይደጋገማሉ፤ አንዷ ጎረቤት ብትወጣ ማንም አይናፍቃትም። ይሄንን ጽፌ፣ ከይቅርታ ጋር፣ በውስጥ መስመር ላኩላት። መልስ አልጠበቅኩም።

ከአራት ቀን በኋላ መለሰች። ስክሪፕቱን ጨርሳዋለች። ሦስት ሰው ያነብላታል፤ ሦስቱም የራሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። «ጎረቤቷን ካወጣኋት ቆይቷል» አለችኝ። ሙሉውን ልትልክልኝ እንደምትችል ስጠይቃት «አይ፣ ላንተ አልልክም» አለች። በዚህ ጉዳይ ልጽፍ እንዳሰብኩ ነግሬ ፈቃዷን ስጠይቅ ግን እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ስለ ቡናው መጻፍ ትችላለህ። ከበረካ በኋላ ያለውን ግን ሲኒማ ገብተህ እይ።»