ሙሉ ምስል፦ የወደቀን ኮምፒውተር የሚያነሳ ቅጂ

ሙሉ ምስል የሚባለው የኮምፒውተሩን ስርዓተ ክወና፣ ፕሮግራሞች፣ ቅንብሮችና ሰነዶች በአንድነት የያዘ መጠባበቂያ ቅጂ ሲሆን፣ ዋጋው የሚታወቀው ሃርድ ዲስኩ በተበላሸ ዕለት ነው። ሰነዶችን ብቻ የቀዳ ባለሙያ የአማርኛ መክተቢያውንና የሒሳብ ፕሮግራሙን ሳይቀር አንድ በአንድ ዳግም ለመጫን ሲገደድ፣ ሙሉ ምስል ያለው ግን ኮምፒውተሩን በማስነሻ ፍላሽ ከፍቶ ቅጂውን በአዲሱ ዲስክ ላይ ያሰፍራል፤ ማሽኑም ቅጂው በተወሰደበት ዕለት እንደነበረው ሆኖ ይነሳል። ቅጂን በተለያየ ስፍራ ማኖርም አዲስ ጥበብ አይደለም፤ በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ቅጂዎቹን በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ያስቀመጠው በዚሁ ጥበብ ነበር። የፎገራ ገበሬ የሩዝ ዘሩን ከሚበላው ለይቶ እንደሚያኖር ሁሉ፣ ቅጂውም ከኮምፒውተሩ ተለይቶ በሌላ ስፍራ ሊቀመጥ፣ መመለሱም አስቀድሞ ሊሞከር ይገባል፤ ያልተሞከረ ቅጂ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለምና።