የተኛ ባሌስትራ

የአርብ ገበያ ከተማን ስም ያወጣው ገበያው ነው፤ የፒካፑን ወገብ የሚያጎብጠውም እሱው። እህል ተጭኖበት የጋይንትን ዳገት ቁልቁለት ሲመላለስ የከረመ ሃይሉክስ ባሌስትራው ይተኛል፤ ቀስት የነበረው ይዘረጋል፣ ኋላው ይወርዳል፣ የፊት መብራቱ ሰማይ ሰማይ ያያል።

የተኛውን በመዶሻ መልሶ ማጉበጥ ይቻላል፣ ግን ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይተኛል። እኔ የማደንቀው ከሥር አንድ ወፍራም ብረት የሚደርበውን መካኒክ ነው። ሁለት ልደርብ ካለ ግን እንጃ! ባዶውን ሲሄድ ተሳፋሪ ይንገጫገጫል።

ከባሌስትራ የወለቀ ብረትም አይጣልም። ካርቦኑ በዛ ያለ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ቀጥቃጭ በከሰል አግሎ ማረሻ ወይም መጥረቢያ ያወጣበታል። አንዳንዴም የብሎን ቀዳዳው ሳይደፈን የቀረ ቢላዋ ያጋጥማል።