ሲጢጥ የማይል ቆጥ

ከኮልፌ አጠና ተራ ወደ ውስጥ በሚያስገባው ቅያስ፣ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች ሦስተኛዋ አራት በሦስት ሜትር ናት። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት። ባልና ሚስት ይኖሩባታል፤ ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም። የሄድኩት ቡና ልጠጣ ነበር። ሲኒውን እንደያዝኩ ቀና ስል ግን ዓይኔ ከራሴ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ቀረ፤ ቡናው ቀዘቀዘ።

ቆጥ ለአዲስ አበባ ሰው ብርቅ አይደለም። ክፍል ሲጠብ አልጋው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሥሩ ወጥ ይሠራል፣ እንግዳ ይቀመጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ቆጥ ማለት አራት አጠና፣ ጥቂት ጣውላና አንድ ኪሎ ሚስማር ነው። ሲወጡበት ይወዛወዛል፣ ሲገላበጡበት ሲጢጥ ይላል። ከጎረቤት በአንዲት የጭቃ ግድግዳ ለተለዩ አዲስ ተጋቢዎች ይህ ሲጢጥታ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ይሄኛው ዝም ነው። ባልየው እየሳቀ ወጥቶ ተንከባለለበት፤ የሰማሁት የፍራሹን ኮሽታ ብቻ።

የስልኬን መብራት አብርቼ ተጠጋሁ። ምሰሶውና አግዳሚው ከሚገናኙበት ቦታ ሚስማር የለም። የአግዳሚው ወንዴ በምሰሶው ሴቴ ውስጥ ገብቷል፤ መጋጠሚያው ላይ ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት ፈልጌ አጣሁ። ከጎን አንዲት ጠቆር ያለች ክብ ነጥብ ትታያለች፤ የወይራ ችካል ናት። አናጺው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። በሳምንቱ ወደሚሠሩበት ስሄድ፣ ቁራጭ እንጨት አንስተው አሠራሩን አሳዩኝ። መጀመሪያ ሴቴውን ይበሳሉ። ወንዴውን ግን በዚያው ትይዩ አይበሱትም፤ አንድ ሚሊ ተኩል ያህል ወደ ትከሻው ያስጠጉታል። ሾጠጥ ያለው ችካል በመዶሻ ሲገባ ሁለቱን ቀዳዳዎች ለማስተካከል ይታገላል፤ ሲታገል ወንዴውን ጎትቶ ከምሰሶው ጋር ያጣብቀዋል። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ያኔ ሚስማር ይላላል፤ ችካሉ ግን ገና እየሳበ ነው። «ሚስማር ይይዛል እንጂ አይስብም፣ ልጄ» አሉኝ። ዘዴው በብዙ አገር የታወቀ፣ ዘመናትን ያስቆጠረ ነው። «ከማን ተማሩት ጋሼ?» ብላቸው «አባቴ በር ሲሠራ እያየሁ» ብለው ወደ መላጊያቸው ተመለሱ።

ምሰሶዎቹ ባሕር ዛፍ ናቸው። ባሕር ዛፍ ለአናጺ ክፉ እንጨት ነው፤ እርጥቡን ከሠሩበት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እሳቸው ሁለት ክረምት ጥግ ይዞ ያረጀውን ይመርጣሉ፤ መጣመሙን ጨርሶ የመጣውን። አራቱም ከጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ስለቆሙ የወለሉ እርጥበት አያገኛቸውም፤ የጭቃው ግድግዳም ምንም አልተሸከመም። ጣውላው ዋንዛ ነው። ቀላል ነው፣ ብዙ አይጣመም፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ ዋንዛ መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ምናለሽ ተራ ወርደው ሁለት አሮጌ የዋንዛ በሮች ገዝተው ፈቱ። የድሮዎቹን የሚስማር ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በዋንዛ ስንጥር ደፍነዋቸዋል፤ መብራቱን ከጎን ካላበሩ በቀር አይታዩም።

እዚህ ላይ ወደ ባሕር ልውጣ። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ባሕር የለንም፤ የጣና ታንኳም ሰው ያሻግራል እንጂ አያሳድርም። ቆጡን ሳይ ግን ትዝ ያሉኝ ሊንና ላሪ ፓርዲ የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሠርተው የጨረሷት ሴራፊን የተባለች ባለ ሸራ ጀልባቸው ሰባት ሜትር ተኩል እንኳን አትሞላም፤ ሞተርም አልነበራትም። በእሷ ዓለምን ሲዞሩ 11 ዓመት ኖሩ። እንዲህ ባሉ ጀልባዎች ውስጥ መደርደሪያው ጠርዝ አለው፣ ሳህን እንዳይንሸራተት። ምድጃው እንደ ሚዛን ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፣ ጀልባዋ ስታዘነብል ድስቱ እንዳይደፋ። ከአልጋው ጎን ሸራ ይወጠራል፣ የተኛ ሰው እንዳይወድቅ። ኮልፌ ማዕበል የለም። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በጀሪካን ቆጥቦ መኖር ግን አለ፣ መብራት ሲጠፋ በዳበሳ ዕቃ ማግኘትም አለ። ደግሞም እዚያም እዚህም ለአናጺው የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ አንዱ ሲቆም ሌላው በየት ይለፍ?

ሽማግሌው ሥራውን የጀመሩት ሜትር ከመዘርጋታቸው በፊት «ማን ቀድሞ ይነሳል?» ብለው ነው። ሚስትየዋ ናት፤ ሌሊት 11 ሰዓት ትወጣለች። ስለዚህ መውጫው በእሷ በኩል ሆነ፣ ባልየው ከግድግዳ ተኛ። የቆጡ ጠርዝ በሌላው በኩል አንድ ስንዝር ቁመት ሲኖረው፣ እሷ በምትወርድበት ቦታ ብቻ ግማሽ ሜትር ያህል ጎድጎድ ይላል። እጄን አስኬድኩበት። በመላጊያ ተከርክሞ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ የታሸ ነው፤ እግሯን አሻግራ ስትቀመጥ የጭኗን ሥር አይቆርጣትም። ባልየው ረጅም ነው። ከሥር ሲያልፍ ጭንቅላቱ የሚደርስበት የአግዳሚው ጠርዝ ክብ ተደርጓል፤ ቢመታውም ይቅር እንዲለው።

መሰላሉ ደረጃም ሳጥንም ነው። አምስት እርከን፣ እያንዳንዱ መሳቢያ፤ ከታች ጫማ፣ ከላይ ሽሮና በርበሬ። መሳቢያውን ብስበው እምቢ አለ። «ከፍ ያድርጉትና ይሳቡት» አለችኝ። ከሥሩ ትንሽ ጥርስ ተፈልፍሎለታል፤ ሰው ሲረግጠው በራሱ እንዳይከፈት። የጀልባ አናጺዎችም መሳቢያቸውን እንዲሁ ያደርጉታል። ሽማግሌው ግን ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም።

ያልጣመኝም ግን አለ። ቫርኒሹ ከመጠን በላይ ያብለጨልጫል፤ ያን የመሰለ የዋንዛ መልክ መስታወት ሥር የተቀመጠ አስመስሎታል። ከግድግዳው ጎን የሚታጠፈው ጠረጴዛም አንድ እግር ብቻ ስላለው ክርን ሲደገፉበት ይንቀጠቀጣል። ባልየው ስጠይቀው ጠረጴዛው የሌላ አናጺ ሥራ ነው አለ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ልወጣ ስል ሚስትየዋ አንድ ነገር አሳየችኝ። ተከራይ ነን፣ ነገ ተነሱ ብንባልስ ብለው ሽማግሌውን ጠይቀዋቸው ነበር። ስለዚህ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ከውስጥ በኩል በመሮ ፊደል ተቀርጾባቸዋል፤ ምሰሶው ላይ ሀ፣ አግዳሚው ላይ ሀ፤ እዚያ ማዶ ለ እና ለ። ችካሎቹ ከቀጭኑ ጫፍ ሲመቱ ወደኋላ ይወጣሉ። የላይኛውን መሳቢያ ከፍ አድርጋ ሳበች። ከሽሮው ዕቃ አጠገብ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አለች፤ ስትፈታት አራት ትርፍ የወይራ ችካሎች መዳፏ ላይ ወደቁ።