ፕሪንተርን በነጠላ መፈተን

ቤቱ ፎቶ ማተም የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ቅሬታ አንድ ነው፦ ስክሪን ላይ ያማረው ወረቀት ላይ ጨለመ። መፍትሔ የሚለውም ያው ነው፤ ፎቶውን ትንሽ አፍክቶ እንደገና ማተም። ቀይ ከበዛ ቀይ ይቀንሳል፣ ፊት ከገረጣ ቢጫ ይጨምራል። ያ አንድ ፎቶ ይቃናለት ይሆናል። ጥፋቱ ግን ከቦታው ስላልተነቃነቀ የሚቀጥለውን ፎቶ ይጠብቃል። ስክሪኑ የሳተውን በፎቶው፣ ወረቀቱ የሳተውን በፕሪንተሩ ማካካስ ማለቂያ የለውም። የሚያዋጣው ጥፋቱ ያለበትን ፈልጎ እዚያው ማቃናት ነው።

እኔ በብዛት የማትመው የሠርግና የቤተሰብ ፎቶ ነው። ቀይ አበባ ትንሽ ወደ ብርቱካናማ ቢያደላ የሚያስተውል የለም። ነጠላው አረንጓዴ ካጠላበት ወይም የሙሽራዋ ፊት አመድ ከመሰለ ግን ስለ ቀለም ሰምተው የማያውቁ አክስት እንኳ «ምነው፣ ልጅቷን አሟት ነበር እንዴ?» ይላሉ። ስለዚህ አዲስ ወረቀት ወይም አዲስ ኢንክ ስፈትን የማትመው ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊትና ጥቁር ፀጉር አንድ ላይ ያሉበትን ፎቶ ነው።

ነጠላ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም። የተፈጥሮ ጥጥ ራሱ ወደ ክሬም ያደላል። ጥላ ውስጥ የሰማዩን ሰማያዊ ይቀበላል፤ ሙሽሮች መናፈሻ ሣር ላይ ሲቆሙ ደግሞ ጫፉ ከታች አረንጓዴ ይወስዳል። ይህ የብርሃኑ ሥራ እንጂ የፕሪንተሩ ጥፋት አይደለም። ሁለቱን ለመለየት ከፎቶው ጎን ከነጭ እስከ ጥቁር የሚሄድ የግራጫ መስመር አብሬ አትማለሁ። የቤት ፕሪንተር አብዛኛውን ግራጫ የሚሠራው ሳያን፣ ማጀንታና ቢጫን አመጣጥኖ ስለሆነ ከሦስቱ አንዱ ትንሽ ቢያይል መስመሩ ወዲያው ያሳብቃል። መስመሩ ንጹሕ ሆኖ ነጠላው ብቻ አረንጓዴ ከሆነ የሚታረመው ፎቶው ነው። ሁለቱም ካደሉ ወደ ፕሪንተሩ መመለስ ነው።

እዚያ ሲደርሱ ደግሞ በቀላሉ መጀመር ይሻላል። ኖዝል ቼክ የሚባለው የፕሪንተሩ መፈተኛ ገጽ ይታተም፤ የተቆራረጠ መስመር ካለ አንዱ ኢንክ በአግባቡ እየወጣ ስላልሆነ የቀለም ማስተካከያ ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ስክሪኑ። ስክሪን የራሱን ብርሃን ያመነጫል፣ ወረቀት ግን ያረፈበትን ብርሃን ከመመለስ በቀር ሌላ አቅም የለውም። ህትመት የሚጨልምብን ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ከሚገባው በላይ ስለሚያበራ ነው። ለህትመት ሥራ ብሩህነቱ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ፣ ነጩም 6500 ኬልቪን አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ባዶ ነጭ ገጽ ከፍቶ፣ አጠገቡ ነጭ ወረቀት መብራት ሥር አስቀምጦ፣ ሁለቱ እስኪቀራረቡ ብሩህነቱን ይቀንስ። ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን አማራጭ ማጥፋትም አይርሳ።

ከዚያ ፕሮፋይል ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የቀለም ኮንሶርሺየም ደረጃውን ያወጣለት ይህ ፋይል አንድ ፕሪንተር በአንድ ኢንክ፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ ምን ቀለም እንደሚሰጥ ይመዘግባል። ከሦስቱ አንዱ ሲቀየር መዝገቡ ሐሰት ይሆናል። አምራቹ ያዘጋጀው ፕሮፋይል የተለካው በራሱ ኢንክ ነው፤ ታንኩን በርካሽ ኢንክ ሞልቶ በዚያው ፕሮፋይል የሚያትም ሰው ቀለሙ ቢስት ሊገረም አይገባም። ርካሹን ኢንክ መጠቀም የግድ ከሆነ አንድ ኢንክና አንድ ወረቀት መርጦ መጽናት፣ ከተቻለም መለኪያው ያለው ባለሙያ ፕሮፋይል እንዲሠራለት ማድረግ ነው።

ፕሮፋይሉ ትክክል ሆኖም ፊት ሁሉ ወደ ማጀንታ የሚያደላበት ጊዜ አለ። ይህን ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፎቶሾፕና የፕሪንተሩ ሶፍትዌር ሁለቱም ቀለም እያረሙ መሆኑን ነው፤ ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ ወጥ ላይ ጨው እንደመጨመር ነው። ቀለሙን ፎቶሾፕ ከያዘ በፕሪንተሩ በኩል ያለው የቀለም ማስተካከያ መጥፋት አለበት።

በትዕግሥት መምረጥ የሚጠይቀው የነጠላው ባለ ቀለም ጥበብ ነው። ስክሪን የሚያሳየውን ደማቅ አረንጓዴና ሰማያዊ ክር ኢንክ ሁልጊዜ አይደርስበትም። ሲታተም ይህ እንዴት እንዲስተናገድ የሚወስን ምርጫ አለ፦ ሬላቲቭ ኮሎሪሜትሪክ የሚባለው ሊታተም የሚችለውን እንዳለ ትቶ የማይችለውን ብቻ ወደ ዳር ይጎትታል፤ ፊትና ነጠላ ይጠበቃሉ፣ የጥበቡ ክሮች ግን ተጨፍልቀው አንድ ወጥ ቀለም ሊሆኑ ይችላሉ። ፐርሴፕችዋል ሁሉንም አብሮ ያጠባል፤ የክሮቹ ልዩነት ይተርፋል፣ ፎቶው በጥቅሉ ጥቂት ይደበዝዛል። እኔ ለፊት የመጀመሪያውን፣ ጥበቡ በቅርብ ለተነሳበት ፎቶ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ለመፍረድም አልቸኩልም። ትኩስ ህትመት ሲደርቅ ቀለሙ ትንሽ ስለሚለወጥ አሳድረዋለሁ። የኅትመት ሙያ መለኪያ 5000 ኬልቪን ብርሃን ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ቀትር አካባቢ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ማየት ይበቃል። ብዙ የፎቶ ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ስላለው ነጩ መስኮት ሥር ወደ ሰማያዊ፣ ሳሎን አምፖል ሥር ወደ ቢጫ ያደላል። ስለዚህ ፎቶው የት እንደሚሰቀል አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

በእያንዳንዱ ሙከራ ጀርባ ወረቀቱን፣ ኢንኩን፣ ፕሮፋይሉንና ምርጫውን እጽፋለሁ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አልቀይርም። ፎቶውን የሚሰቅለው ሰው የእኔን ስክሪን አያየውም፤ የሚያመሳክረው ሥሩ ከተቀመጠችው ሙሽራ ጋር ነው።